በልጃችን ስም መንገድ ይሰየም፦ ስለ መታሰቢያ ሀይዌይ ጥያቄና መልስ

አሜሪካ ውስጥ ሀይዌይ ላይ ስትነዱ የወታደር ስም የተጻፈበት ታፔላ በመስኮት በኩል ሽው ብሎ ያልፋል። እኔም ለዓመታት አየው ነበር። ማን እንዳቆመው ግን አስቤ አላውቅም። የሰፈራችን ልጅ ውትድርና ላይ ሳለ ሲሞት ነው ነገሩ የገባኝ። አምስት ሆነን ኮሚቴ አቋቋምን፣ ሁለት ዓመት ከምናምን ሮጥን፣ ታፔላው ቆመ። ከዚያ ወዲህ ለቅሶ ቤትም ሰርግ ቤትም የሚጠይቀኝ ሰው በዛ። ደጋግመው የመጡትን እዚህ ሰብስቤያለሁ። ዓመተ ምሕረቱም ወሩም ሁሉ በፈረንጆች ነው።

ጥያቄ፦ መንገዱን የሚሰይመው ማነው? ዋሽንግተን ዲሲ ድረስ መጻፍ አለብን?

የለባችሁም። ኢንተርስቴት የሚባሉት ትልልቅ መንገዶች እንኳ በፌዴራል ገንዘብ ይሠሩ እንጂ ባለቤታቸው ስቴቱ ነው። ስሙም የሚወጣው እዚያው ነው። አወጣጡ ግን እንደየስቴቱ ይለያያል። ካሊፎርኒያ ሁለቱ ምክር ቤቶች በጋራ ውሳኔ ያጸድቃሉ። ቴክሳስና ፍሎሪዳ በሕግ ይሰይማሉ። ዋሽንግተን ስቴት (ሲያትል ያለችበትን ማለቴ ነው) የትራንስፖርት ኮሚሽን አላት፣ እሱ ይወስናል። ቨርጂኒያ ደግሞ የትራንስፖርት ቦርዱ ይሰይማል፤ መጀመሪያ ግን ካውንቲው (የስቴቱ ወረዳ በሉት) ወይም ከተማው በውሳኔ መጠየቅ አለበት። የከተማ ውስጥ ጎዳና ከሆነ ነገሩ የከተማው ምክር ቤት ነው።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት የመንገዱን ባለቤት እወቁ። እኛ ሦስት ወር ሙሉ ለስቴቱ ስንጽፍ የከረምንበት መንገድ የካውንቲ ሆኖ ተገኘ። ደብዳቤያችን የትም ሳይደርስ አንድ ጠረጴዛ ላይ ተኝቶ ነበር።

ጥያቄ፦ ስሙ ሲቀየር የሰው አድራሻ አይበላሽም? ጎረቤት ቢቃወምስ?

አድራሻ አይነካም። ይሄ የክብር ስያሜ ነው። የመንገዱ ቁጥርም የድሮ ስሙም ባለበት ይቀጥላል፣ ፖስታ ቤቱ ወሬውንም አይሰማ። የፍሎሪዳ ሕግ ይህንኑ በግልጽ ያስቀምጣል። በዚያው ላይ የከተማው ወይም የካውንቲው ኮሚሽን የድጋፍ ውሳኔ ካላወጣ ታፔላው አይቆምም ይላል።

ሰው ግን ይህን አያውቅም። እኛ ጋ ጎማ ቤት ያለው አንድ ሰውዬ «የቢዝነስ ካርዴን እንደገና ላሳትም ነው?» ብሎ ካውንቲው ስብሰባ ላይ ተነሳ። ጥፋቱ የእኛ ነበር፤ ቀድመን ሄደን አላናገርነውም። በማግስቱ ሄድን። ቡና ጋበዘን፣ የራሱ አባት ቬትናም እንደዘመተ አጫወተን፣ ለሚቀጥለው ስብሰባ የድጋፍ ደብዳቤ ይዞ መጣ። ከሃበሻ ካሰባሰብነው ፊርማ ሁሉ የዚያ ሰውዬ አንድ ገጽ በለጠ። ምክር ቤት ያሉት ሰዎች የሚፈልጉት በመንገዱ ዳር የሚኖረው ሰው ምን እንዳለ ነው። ከሌላ ስቴት የመጣ አምስት መቶ ፊርማ ለእነሱ ወረቀት ነው።

ጥያቄ፦ ከጠየቅን አይቀር ረጅሙን ሀይዌይ ብንጠይቅስ?

ይህን የሚጠይቀኝ ሁልጊዜ ወንድ ነው፣ ለምን እንደሆነ እንጃ። ምክሬ አንድ ነው፦ አጭር ጠይቁ። ድልድይ፣ መገናኛ መንገድ፣ ወይም በሁለት መውጫዎች መካከል ያለ ቁራጭ።

ረጅም መንገድ ረጅም ዕድሜ ይጠይቃል። ዩኤስ 6 የሚባለውን መንገድ ተመልከቱ። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ለሰሜኑ ወገን ለተዋጉት ወታደሮች መታሰቢያ ይሁን የሚለውን ሐሳብ አንድ የማሳቹሴትስ የጦር መኮንን ያነሳው በ1934 ነው። ማሳቹሴትስ በ1937 ተቀበለች። ሌሎቹ ስቴቶች አንድ በአንድ እስኪከተሉ ድረስ መንገዱ በሙሉ በይፋ የተመረቀው በ1953 ነው፣ ካሊፎርኒያ ሎንግ ቢች ላይ። አስራ ዘጠኝ ዓመት መሆኑ ነው። ከዚያ ጦር የመጨረሻው ሽማግሌ አልበርት ዉልሰን ያረፈው በ1956 ነው። መንገዱ ያለቀላቸው እነሱ አልቀው ሊጨርሱ ሲሉ ነው ማለት ይቻላል።

ዩኤስ 20 የሚባለውን መንገድ የሜዳል ኦፍ ኦነር (የአሜሪካ ጦር ትልቁ የጀግንነት ሜዳሊያ ነው) ተሸላሚዎች መታሰቢያ ለማድረግ የተነሱትም በየስቴቱ እየዞሩ ነው የለመኑት። መንገዱ ከኦሪገን እስከ ማሳቹሴትስ 12 ስቴት ያቋርጣል። እነሱ ድርጅት ነበራቸው። እናንተ ግን ያላችሁ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የሚሰበሰብ ኮሚቴ ነው። የልጁ እናት በሕይወት እያለች የሚያልቀውን ምረጡ።

ጥያቄ፦ ታፔላው ላይ ፎቶውን፣ ባንዲራ፣ በአማርኛም ስሙን ማስጻፍ ይቻላል?

አይቻልም። የፌዴራሉ የትራፊክ ምልክቶች መመሪያ በዚህ በኩል ጥብቅ ነው። ስምና «መታሰቢያ» የምትል አጭር ቃል፣ በቃ። የሕይወት ታሪክ የለም፣ ፎቶ የለም፣ አርማ የለም። ፊደሉ ራሱ የተወሰነ ነው። ቀለሙም ቡናማ ላይ ነጭ ነው፤ ስቴቶች የየራሳቸው ልማድ ስላላቸው ግን ሌላ ቀለምም ታያላችሁ። በአንድ አቅጣጫ ከአንድ ታፔላ በላይ አይፈቀድም። ምክንያቱም ሹፌር ሲያነብ እንዳይጋጭ ነው። የሞተ ለማስታወስ ሌላ ሰው አይሙት ነው ነገሩ። ፎቶና ታሪክ ከፈለጋችሁ ማረፊያ ቦታ ላይ፣ መኪና በሚቆምበት፣ የመታሰቢያ ሰሌዳ መጠየቅ ትችላላችሁ።

አሁን ወደ ትልቁ ራስ ምታት። የሃበሻ ስም በላቲን ፊደል በአስር ዓይነት ይጻፋል። የእኛ ልጅ ፓስፖርቱ ላይ አንድ ዓይነት፣ የትምህርት ቤት ሰርተፊኬቱ ላይ ሌላ፣ የውትድርና ወረቀቱ ላይ ሦስተኛ ነበር። በዚያ ላይ እናቱ የአባቱ ስም ሙሉውን ይጻፍ አለች። አሜሪካ ግን የአያቱን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ይዞታል። አንድ ቅዳሜ ሙሉ በዚህ ተጨቃጨቅን። በመጨረሻ የውትድርና ሰነዱ ላይ ያለው አጻጻፍ ይሁን ተባለ። ረቂቁ ሲመጣ አንዲት ፊደል ጎድላ ነበር! ያየችው የአስራ ሁለት ዓመት እህቱ ናት። ረቂቅ ሲሰጣችሁ ልጆች ያንብቡት።

ጥያቄ፦ ምን ምን ሰነድ ይጠየቃል?

ከውትድርና የተሰናበተ ሰው ዲዲ 214 የሚባል ወረቀት አለው። በአገልግሎት ላይ ለሞተ ደግሞ ዲዲ 1300 አለ። እሱ ላይ ማዕረጉና የስሙ አጻጻፍ ስላለ ዋናው ይሄ ነው። የቅርብ ቤተሰብ በጽሑፍ መፍቀዱንም ጨምሩ። ወላጆች ከተለያዩ ከሁለቱም ተቀበሉ፣ ነግሬያችኋለሁ።

ወረቀቱ ከጠፋ ሴንት ሉዊስ ያለው የፌዴራል መዝገብ ቤት ይጠየቃል። ሰውየው የቆየ ዘማች ከሆነ ግን ተዘጋጁ። ሐምሌ 1973 ላይ መዝገብ ቤቱ ተቃጥሎ ከ16 እስከ 18 ሚሊዮን የሚሆን ፋይል ወድሟል። ከ1912 እስከ 1960 ከምድር ጦሩ ከተሰናበቱት ሰዎች ፋይል 80 በመቶ ያህሉ ማለት ነው። እንዲህ ሲሆን የቤተሰብ ሳጥን ይፈተሻል፦ የክፍያ ወረቀት፣ የሆስፒታል ደብዳቤ፣ ከጓድ የተጻፈ ፖስታ።

ጥያቄ፦ ወጪውን ማን ይከፍላል?

ብዙ ጊዜ እናንተ። ካሊፎርኒያና ቴክሳስ ታፔላውን የሚያቆሙት ወጪው በመዋጮ ሲሸፈን ነው። ዋጋው እንደ መጠኑና እንደ መንገዱ ነው፤ ሀይዌይ ላይ ሲሆን ትልቅ ታፔላ ስለሆነ ይወደዳል። እድራችን በሁለት እሑድ ሞላው። ሂሳብ ያዡ ሰው ደረሰኝ የሚወድ ይሁን።

ጥያቄ፦ ልጄ ወታደር ነው፣ በሕይወት አለ፣ ይመስገን። ለእሱ አይቻልም?

እግዜር ይጠብቅልዎት፣ እማማ። ብዙ ቦታ በሕይወት ላለ ሰው አይሰየምም። ለሁሉም በጋራ የሚሆን ግን አለ። የሰማያዊ ኮከብ መታሰቢያ ሀይዌይ የሚባለው ከዚያ የመጣ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ልጁ የዘመተበት ቤት መስኮቱ ላይ ሰማያዊ ኮከብ ያለበት ጨርቅ ይሰቅል ነበር። ልጁ ከሞተ ኮከቡ በወርቃማ ይተካል። በ1944 የኒው ጀርሲ የአትክልት ክበብ ሴቶች በአንድ መንገድ ዳር 8,000 ዛፍ ተከሉ። ድንጋይ ሳይሆን ዛፍ! በዓመቱ ነገሩ አገር አቀፍ ሆነ። ዛሬም በአካባቢዎ ያለውን የአትክልት ክበብ ቢያነጋግሩ መንገዱን ያሳዩዎታል።

ጥያቄ፦ አያቴ የቃኘው ዘማች ናቸው። አሜሪካ ውስጥ ለቃኘው መንገድ ማሰየም ይቻል ይሆን?

ጥያቄህ ልቤን ነካው። የኢትዮጵያው ቃኘው ሻለቃ ከ1951 ጀምሮ ኮሪያ የተዋጋው በአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ሥር ነው። ከ120 በላይ ወገን ሞቶበታል። ኮሪያዎቹ አልረሱም፤ ቹንቾን ከተማ መታሰቢያም በኢትዮጵያ ስም የተጠራ ጎዳናም አለ።

አሜሪካ ላይ ግን ከባዱ ነገር የአሜሪካ ጦር አባል አለመሆናቸው ነው። የስቴቱ ሰው ያልሆነ ስም እንዲያጸድቅ የምክር ቤት እንደራሴውን ማሳመን አለብህ። እኔ ብሆን ብቻዬን አልነሳም። የኮሪያ ዘማቾች መታሰቢያ የተባለ መንገድ ያላቸው ስቴቶች አሉ። እዚያ ያሉትን የኮሪያ ዘማቾች ማኅበር ሽማግሌዎች ፈልግ። ከጎናቸው የተዋጋውን አይረሱም፤ የእነሱ ድምፅም ምክር ቤት ውስጥ ይሰማል። የጃፓን ዝርያ ያላቸው አሜሪካውያን ለ442ኛው ተዋጊ ጦራቸው ካሊፎርኒያ 99 ቁጥር መንገድ ላይ ስም አሰይመዋል። አያትህን ደግሞ ዛሬ ማታ ቅዳቸው፤ በስልክም ይሁን።

ጥያቄ፦ መቼ እንጀምር?

በአሜሪካ በጋ፣ በእኛ ክረምት ማለት ነው። ብዙ ምክር ቤት ጥር ላይ ይከፈታል። የሜሪላንድ 90 ቀን ብቻ ይሠራል። የቴክሳስማ መደበኛ ስብሰባው በሁለት ዓመት አንዴ ነው፣ ጎዶሎ ቁጥር ባለው ዓመት። ካመለጣችሁ ቁጭ ብላችሁ መጠበቅ ነው። የሰፈራችሁን እንደራሴ መስከረም ላይ አግኙት።

የሚናገረው ሰው አንድ ይሁን፣ አጭር ያድርገው። እኛ ሁለት ደቂቃ ተሰጠን። አባትየው ሦስት ገጽ ጽፎ ነበር። መነጽሩን አደረገ፣ ገጹን አየ፣ አጠፈው። «ልጄ በዚህ መንገድ ነበር ትምህርት ቤት የሚሄደው» አለና ተቀመጠ።

ጥያቄ፦ ምረቃው መንገዱ ላይ ነው?

አይደለም፣ ሀይዌይ ላይ መቆም ክልክል ነው። አቅራቢያው ያለ የእሳት አደጋ ጣቢያ አዳራሹን ሰጠን። እዚያ ሌላ ኮፒ ታፔላ በጨርቅ ሸፍነን ገለጥን፣ ካህኑ ጸለዩ፣ ዳቦ ተቆረሰ።

ከዚያ እናቱን በመኪናዬ ይዤ እውነተኛውን ላሳያት ወጣሁ። ሀይዌይ ላይ ሁሉም ይበራል። «ያውና!» ስል አልፎ ነበር። አላየችውም። «ተመለስ» አለችኝ። በሚቀጥለው መውጫ ወጥቼ ዞርኩ፣ እንደገና። ሦስተኛው ላይ አነበበችው። አራተኛውን ደግሞ እንዲሁ ዞርን። መጨረሻ ላይ የነዳጁ መብራት በራ። ለዚያ ቀን ታንከር ሙሉ ይሁን።