አንድ ሠዓሊ ብቻ መሰብሰብ ልክ ነው ወይ ላልሽው

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። እዚሁ ሐዋሳ ከሚኖር ሠዓሊ ሁለት የሐይቅ ሥዕል ገዝተሻል። አሁን ሦስተኛ ልትጨምሪ ነው። ሰውዬው ግን ዘንድሮ ሥራውን ለውጧል። ሰማያዊው ሐይቅና ጀልባዎቹ ቀርተው ቡናማና ግራጫ ግድግዳዎች መሣል ጀምሯል። “ሌላ ሐይቅ ልግዛ ወይስ አዲሱን? ለመሆኑ ገንዘቤን ሁሉ አንድ ሰው ላይ ማዋሌስ ልክ ነው?” ነው ያልሽው።

እኔ ብዙ ዓመት የአንድ ሠዓሊ ሥራ ብቻ ነው የምሰበስበው። ስሙን እዚህ መጥራት አልፈልግም፤ እሱም አይወድም። መልሴ፣ አዲሱን ግዢ ነው። ምክንያቱን ግን ሰፋ አድርጌ ላስረዳሽ።

የእኔ ሠዓሊ ሲጀምር ገበያ ነበር የሚሥለው። ወፍራም የዘይት ቀለም፣ ቀይና ብርቱካን፣ ጉሊት ላይ የተቀመጡ እናቶች። ሰው ወደደለት፣ ተሸጠለት። ከዚያ የቀለም ዋጋ ሰማይ ነካ። ሸራውን ትቶ ወረቀት ላይ በጥቁር ቀለም ብቻ መሥራት ጀመረ። ሰው ያጌጠና ቀለም ያለው ነገር ይፈልግ ስለነበር ያን ጊዜ የሚገዛው አልነበረም። እኔ ግን ከእነዚያ ወረቀቶች አቅሜ የቻለውን ወሰድኩ። በኋላ ወደ ሸራ ሲመለስ ቀለሙ ስስ፣ መስመሩ ደግሞ ስል ሆኖ መጣ። ያ መስመር የመጣው ከጥቁሮቹ ወረቀቶች ነው። ሦስቱን ዘመን ጎን ለጎን ስሰቅላቸው ለእንግዳ እንኳን ማስረዳት አያስፈልገኝም። የመጀመሪያውን ዓይነት ብቻ ደርድሬ ቢሆን ኖሮ መሀል ላይ የሆነው ሁሉ ይጠፋብኝ ነበር።

ስለዚህ ሠዓሊ ሲለወጥ አትሽሺ። እንዲያውም ያኔ ነው መቅረብ። አዲሱ ሥራ መጀመሪያ ሊከብድሽ ይችላል። ሳሎንሽ ካለው ሶፋና መጋረጃ ጋር ላይሄድም ይችላል። ምንም አይደለም።

አንድ ሐሳብ ላይ ለዓመታት መቆየት ግን ከመደጋገም ይለያል። ታደሰ መስፍንን ውሰጂ። አዲስ አበባ ባለው በአለ ፈለገ ሰላም የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ለዓመታት ያስተማረ ሠዓሊ ነው። “የሕይወት ምሰሶዎች” በሚለው ተከታታይ ሥራው ገበያ ላይ የሚቆሙ ሴቶችን ደጋግሞ ይሥላል። ርዕሱ አንድ ቢሆንም አቋቋማቸውን፣ በመካከላቸው ያለውን ክፍት ቦታና ብርሃኑን ስትከታተዪ ሰውዬው ገና ጥያቄውን እንዳልጨረሰ ይገባሻል። እንዲህ ያለውን ሠዓሊ አሥር ጊዜ ብትገዢው አይበዛም። ገዢ ስለጠየቀው ብቻ ያንኑ ሐይቅ መልሶ የሚሥል ከሆነ ግን ሦስተኛው ምንም አይጨምርልሽም።

ይህን ለማድረግ የግድ ሀብታም መሆን የለብሽም። ኒውዮርክ ውስጥ ሄርበርትና ዶሮቲ ቮገል የሚባሉ ባልና ሚስት ነበሩ። እሱ የፖስታ ቤት ሠራተኛ ነበር፣ እሷ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ። በእሷ ደመወዝ እየኖሩ በእሱ ደመወዝ ሥዕል ይገዙ ነበር። መመዘኛቸው፣ ዋጋው በአቅማችን ይሁን፣ አፓርታማችን ውስጥም ይግባ የሚል ነበር። እንዲህ እያሉ ከ4,000 በላይ ሥራ ሰበሰቡ፤ ከስብስቡም ከፊሉ በመጨረሻ ዋሽንግተን ወዳለው ብሔራዊ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ሄደ፣ ሌላው ደግሞ በየግዛቱ ላሉ ሙዚየሞች ተከፋፈለ። የብዙ ሠዓሊዎችን ሥራ ነው የሰበሰቡት። ግን ሪቻርድ ተትል ከሚባለው አንድ ሰው ብቻ በመቶ የሚቆጠር ሥራ ነበራቸው። ብዙዎቹም ወረቀት ላይ የተሠሩ ትናንሽ ነገሮች ናቸው።

ወረቀትን አትናቂ። ንድፍና ህትመት (ሠዓሊው ራሱ ካዘጋጀው ሰሌዳ በተወሰነ ቁጥር የሚታተም ሥራ) ከሸራ በጣም ይረክሳሉ። የሠዓሊው እጅም እዚያ ላይ ነው በደንብ የሚታየው። ህትመት ስትገዢ ከታች ቁጥር ታያለሽ። ለምሳሌ 3/20 ካለ፣ ከሃያ ቅጂ ሦስተኛው ነው ማለት ነው። ያ ቁጥርና ፊርማ መኖሩን አረጋግጪ።

ስለ ክፍያ፣ እኔ ብዙውን የገዛሁት ዕቁብ ሲወጣልኝ ነው። ሳይወጣልኝ የወደድኩት ከመጣ ደግሞ “አቅሜ ይህ ነው፣ ከፋፍዬ ልክፈል” እላለሁ። እንደ ቲማቲም ዋጋ መከራከር ግን ደስ አይለኝም። ጥሩ ግንኙነት በዚያ ይበላሻል። ሠዓሊው ከጋለሪ ጋር የሚሠራ ከሆነ ደግሞ በጓሮ ዞረሽ “ለእኔ አርክሰህ ሽጥልኝ” አትበይው። ዛሬ ብር ታተርፊ ይሆናል፣ እሱ ግን ነገ የሚያሳይበት ቦታ ያጣል። ሌላው፣ “ይህን በሰማያዊ አድርግልኝ” የሚባል ነገር የለም። የሠራውን እይ፣ ከወደድሽው ግዢ፣ ካልወደድሽው ሌላ ቀን ተመለሺ።

እንክብካቤው ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚህ ነው። የሐዋሳ ፀሐይ ኃይለኛ ናት፣ ሐይቁ ደግሞ እርጥበት ያመጣል። በመስኮት ትይዩ አትስቀዪ። ክረምት ላይ ዝናብ የሚመታው የውጭ ግድግዳም ጥሩ አይደለም። ግድ ከሆነብሽ ከፍሬሙ ጀርባ በአራቱ ማዕዘን ትንሽ የቡሽ ቁራጭ ለጥፊ፤ አየር ይዘዋወራል፣ ሻጋታም አይይዝም። ሸራው የተወጠረበትን እንጨት በየጊዜው ገልብጠሽ እይ፣ ምስጥ እዚህ አገር ቀልድ አያውቅም። ቡና የሚፈላበትና ዕጣን የሚጨስበት ጥግ ላይም አትስቀዪ። ጭሱ ቀስ እያለ ነው የሚያጠቁረው፣ ቀለሙ ደብዝዞ እስክታዪው አይታወቅሽም። የወረቀት ሥራ በመስታወት ይሁን፣ ግን መስታወቱ ወረቀቱን አይንካው።

የዘይት ቀለም ከላይ የደረቀ ቢመስልም ውስጡ ለወራት አይደርቅም። አዲስ ሥዕል በላስቲክ አትጠቅልዪ፣ ይጣበቃል። ቫርኒሽ የሚቀባም ከስድስት ወር እስከ ዓመት ቆይቶ ነው፤ እሱንም ለሠዓሊው ተዪለት። በሚኒባስ ተጠቅልሎ የሚመጣ ሸራ ካለሽ ወፍራም ቱቦ ላይ ይጠቅለል፣ ቀለም የተቀባው ፊት ወደ ውጭ ሆኖ። ወደ ውስጥ ከሆነ ቀለሙ ይሰነጠቃል።

ደብተር ያዢ። የሥራውን ርዕስ፣ የተሠራበትን ዓመት፣ ስፋቱን፣ በምን እንደተሠራ፣ መቼና ከማን እንደገዛሽው ጻፊ። የፊቱንም የጀርባውንም ፎቶ አንሺ። ሠዓሊው ስለ ሥዕሉ የነገረሽን በራሱ ቃል ጻፊው። እኔ ለዚህ ነገር የምሟገተው በሠዓሊው በገብረ ክርስቶስ ደስታ ምክንያት ነው። በ1981 እ.ኤ.አ. በስደት አሜሪካ ሞተ። ጀርመን አገር ተጠብቀው የቆዩ ሥዕሎቹ ተመልሰው ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በስሙ በተሰየመው ሙዚየም ይታያሉ። አንድ ሰው ጠብቆ ባያቆያቸው ኖሮ እኛ የት እናያቸው ነበር? አዲስ አበባ ስትሄጂ ግቢና እያቸው። የእኛ የሐዋሳ ሠዓሊዎች ሥራ ደግሞ እኔ እስከማውቀው የሚቀመጥበት እንዲህ ያለ ቤት የለውም። ያለው በገዢዎች ሳሎን ነው።

ሠዓሊው ሥዕሉን ለኤግዚቢሽን አውሺኝ ሲልሽ አትከልክዪው፣ በወረቀት ተፈራርማችሁ ስጪው። አንድ ነገር ደግሞ አስታውሺ፣ ሥዕሉን ገዛሽ ማለት የማባዛት መብቱን ገዛሽ ማለት አይደለም። በቅጂ መብት አዋጁ፣ በአዋጅ ቁጥር 410/1996፣ ያ መብት የሠዓሊው ነው፤ ከሞተ በኋላም ለ50 ዓመት ይጠበቃል። ካላንደር ላይ ወይም ቲሸርት ላይ ማሳተም ከፈለግሽ እሱን ጠይቂ።

አሁን ቡናማውን ለመግዛት ስቱዲዮው ስትሄጂ፣ ለዚያ ሥራ ያወጣቸው ንድፎች ካሉ ጠይቂው። ብዙ ጊዜ ጥግ ላይ ተጥለው፣ ቀለም ተንጠባጥቦባቸው ነው የሚገኙት። አንድ ሁለቱን ከሥዕሉ ጋር ውሰጂ። ዋጋቸውን ራሱ ይናገር። በነፃ ውሰጂ ቢልሽም ክፈዪው።