መልስ፦ ሁለቱንም የኦክስጅን ሴንሰር ልቀይር?

ወንድሜ፣ ቆይ፣ ገና ብር እንዳታወጣ። የኮሮላህ ቼክ ኢንጂን በርቶ ኮዱ ፒ0420 ነው፣ መካኒኩ ሁለቱንም የኦክስጅን ሴንሰር ቀይር አለኝ ነው ያልከው አይደል? ይሄ ኮድ ሴንሰር ሞተ አይልም። ካታሊስቱ፣ ማለትም ጭስ ማውጫው ላይ ያለው ማጣሪያ፣ ጭሱን በደንብ እያጣራ አይደለም ነው የሚለው።

ፊተኛው ሴንሰር ቤንዚኑ በዛ ወይስ አነሰ የሚለውን ለኮምፒውተሩ ይነግራል። ኋለኛው ከካታሊስቱ በኋላ ቁጭ ብሎ ካታሊስቱ በደንብ መስራቱን ይከታተላል። ሞተሩ በደንብ ከሞቀ በኋላ የኋለኛውን ቮልቴጅ በማሽን አሳየኝ በለው፤ 0.6 ወይም 0.7 አካባቢ ረጋ ካለ ካታሊስቱ ደህና ነው፣ ከ0.1 እስከ 0.9 ወዲያ ወዲህ እየዘለለ ከሆነ ግን ካታሊስቱ ደክሟል፣ ሴንሰሩ ምን አጠፋ? ከዚያ በፊት ግን የጭስ ማውጫው የሚተነፍስበት ቦታ ካለ ይበየድ፣ እሱም ያሳስታል።

ወጪው ላይ ካታሊስት ከሴንሰር በጣም ይወደዳል። ፊተኛው ሴንሰርም ብዙ ጊዜ ከኋለኛው ይበልጣል። ያገለገለ ሴንሰር አትግዛ፤ እኔ ገዝቼ ወር ሳይሞላ መብራቱ ተመልሶ ቦግ አለ። ዕቃ ልትገዛ ሶማሌ ተራ (የመኪና መለዋወጫ ገበያው) ስትወርድ የአሮጌውን የፓርት ቁጥር ይዘህ ሂድ፣ ሶኬቱ ስለገጠመ ብቻ ልክ ነው ማለት አይደለም።