«ልደት» የማን ቃል ነው?

ጥያቄ፦ አዳማ የምኖር ሙስሊም አባት ነኝ። ልጄ አንድ ዓመት ሊሞላት ስለሆነ በጥሪ ወረቀቱ ላይ «የልደት በዓል» ብዬ ጻፍሁ። አንድ ወዳጄ ግን «ልደት የቤተ ክርስቲያን ቃል ነው፤ ውልደት በለው» አለኝ። እውነት ነው?

መልስ፦ ወዳጅዎ ያስተዋሉት ነገር አለ፤ ምክራቸውን ግን አልቀበለውም።

«ወረደ» ርደትን፣ «ወሀበ» ሀብትን እንደሚያስገኙ ሁሉ፣ «ልደት»ም «ወለደ» ከሚለው የግእዝ ግስ የመነሻውን ፊደል ጥሎ የወጣ ስም ነው፤ «ውልደት» ደግሞ ያንኑ ፊደል ይዞ ቀርቷል። ከ«ወደቀ» ድቀትም ውድቀትም እንዳሉን ማለት ነው። እንግዲህ በትውልዱ አንዱ ከሌላው የበለጠ መንፈሳዊ አይደለም።

ሃይማኖታዊው ፍቺ የሚጎላው ቃሉ ያለ ባለቤት ብቻውን ሲቆም ነው። አዳማ መናኸሪያ «ለልደት እንገናኝ» ተባብለው የሚለያዩ ሰዎች የማን ልደት እንደሆነ አይጠያየቁም፤ ታኅሣሥ 29፣ በዘመነ ዮሐንስም ታኅሣሥ 28 የሚከበረው የክርስቶስ ልደት ነው። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ትምህርት ቃሉ ከዚህም ይጠልቃል፤ ወልድ ቅድመ ዓለም ከአብ ያለ እናት፣ ድኅረ ዓለም ከድንግል ማርያም ያለ አባት ተወለደ ስለሚባል ሁለት ልደት ይቈጠራል፤ የልደቱ ቍጥር እጅግ ከማከራከሩ የተነሣ በ1870 ዓ.ም. በቦሩ ሜዳ ጉባኤ «ሦስት ልደት» የሚሉት ተወግዘዋል። ጥምቀትም ዳግም ልደት ይባላል። ግንቦት 1 የሚከበረው «ልደታ» ደግሞ በግእዝ «ልደቷ» ማለት ነውና፣ ባለቤቷ ማርያም በዚያች በመጨረሻዋ «ታ» ውስጥ አለች።

ይሁን እንጂ ሥሩ የአንድ ሃይማኖት ብቻ አይደለም። እርስዎ የሚያውቁት «መውሊድ» የዐረብኛ ቃል ሲሆን፣ እርሱም የወጣው ከዚሁ ከወ-ለ-ደ ነው። የወሳኝ ኵነት ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 760/2004ም የየትኛውንም ሃይማኖት ልጅ «የልደት ምዝገባ» ብሎ ይመዘግባል፤ የልጅዎ ምስክር ወረቀትም «የልደት» ነው።

«ውልደት» ያማረ ቦታው ሌላ ነው፤ «ውልደቷና ዕድገቷ አዳማ ነው» ስንል ሰው የወጣበትን ያመለክታል። ለዓመት በዓል ግን «ልደት»ን ይጻፉ፤ ባለቤቷንም አይንፈጉት፦ «የልጃችን አንደኛ ዓመት የልደት በዓል»።