ቤቱ የእኔ፣ መሬቱስ? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ከደረሱኝ ጥያቄዎች ብዙዎቹ ስለ ፈረሳና ካሳ ናቸው። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌያለሁ።

ጥያቄ፦ አራዳ ውስጥ አስፋልት ዳር የግል ቤት አለን። ለልማት ይነሣል ከተባለ ካሳው የመሬቱን ዋጋ ይጨምራል?

መልስ፦ አይጨምርም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም። የሚገመተው መሬቱ ላይ ያለው ነው፦ ግድግዳው፣ ጣሪያው፣ አጥሩ። ያንኑ ቤት ዛሬ ለመሥራት ስንት ይፈጃል ተብሎ ይሰላል። አስፋልት ዳር መሆናችሁ እዚህ ስሌት ውስጥ አይገባም። የፒያሳ ቤት ዋጋው ደግሞ ቦታው ነው! እኔን የሚቆጨኝ ይኼ ነው። የጭቃ ቤት እንደ ጭቃ ቤት ይገመታል፤ በሩ ላይ ያለው ገበያ ግን አይቆጠርም።

ይሁንና ካሳው አስቀድሞ መከፈል እንዳለበት ያው አንቀጽ በንኡስ ቁጥር 8 ይደነግጋል። ምትክ ቦታና የመፈናቀያ ድጋፍ ደግሞ በዐዋጅ 1161/2011 ውስጥ አሉ። በዚሁ ዐዋጅ አቤቱታ የሚቀርበው የማስለቀቂያ ትእዛዙ በደረሳችሁ በ30 ቀን ውስጥ ነው። በኋላ ማሻሻያ ስለወጣለት እሱንም አያይዛችሁ አንብቡ። ዛሬ ነገ ሲባል ቀኑ እንዳያልፍ። ገማቾቹ ሳይመጡ እያንዳንዱን ክፍል ፎቶ አንሡ፤ የካርታችሁንም ኮፒ ዘመድ ቤት አስቀምጡ።

ጥያቄ፦ እኛ የምንኖረው የቀበሌ ቤት ነው። ምን እናገኛለን?

መልስ፦ ቤቱ የመንግሥት ስለሆነ የቤት ካሳ የለም። አዲስ አበባ ላይ የሚቀርበው አማራጭ ኮንዶሚኒየም ወይም ሌላ የቀበሌ ቤት ነው። የዕድራችሁን አባላት ዝርዝር ይዛችሁ አንድ ሳይት እንዲመድቧችሁ በጽሑፍ ጠይቁ። ይሰጧችኋል ብዬ ቃል አልገባም፤ ዝም ካላችሁ ግን መበታተናችሁ አይቀርም።

ጥያቄ፦ የአያቴ ቤት ባለ እንጨት በረንዳ ነው፣ በጣም የቆየ። «ቅርስ ነው» ብዬ ማስቆም እችላለሁ?

መልስ፦ ማርጀቱ ብቻ አያስቆምም። ዋናው ነገር በቅርስነት መመዝገቡ ነው። የቅርስ ዐዋጅ 209/1992 የሚያግዘው ያኔ ነው። እንግዲህ ዶዘር ሰፈር ሳይገባ ማመልከት ነው።

አንድ ነገር ግን ልጨምር። የቅርስ ሕጉ በዋናነት የሚያየው ሕንፃ እንጂ ሰፈር አይደለም። በ2016 የፒያሳው ዶሮ ማነቂያ ሰፈር ሲፈርስ የሄደው ግድግዳ ብቻ አልነበረም፤ ደንበኛና ጎረቤትም አብሮ ሄደ። ለዚህ የሚሆን መዝገብ የለንም፤ ቢኖረን ደግ ነበር።

ጥያቄ፦ ቨርጂኒያ ነው የምኖረው። አሜሪካም ሰው ቤቱን እንዲህ ይነጠቃል?

መልስ፦ እንዴታ! እ.ኤ.አ. በ2005 ኒው ለንደን የተባለች የኮኔቲከት ከተማ ለልማት ብላ የሱዜት ኬሎንና የጎረቤቶቿን ቤት ልትወስድ ስትል ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ዳኞቹ አምስት ለአራት ለከተማዋ ፈረዱ። አዲስ ገቢና ሥራ ማምጣትም የሕዝብ ጥቅም ነው አሉ። ለልማቱ መነሻ የነበረው የመድኃኒት ኩባንያ ፋይዘር ግን በ2009 ከተማዋን ለቅቆ እንደሚሄድ አስታወቀ፤ ቦታውም ለዓመታት ባዶውን ቀረ። እዚያ ባለቤቱ የመሬቱንም ዋጋ ያገኛል፤ ከእኛ የሚለየው በዚህ ነው። ከፍርዱ በኋላ ብዙ ግዛቶች ሕጋቸውን አጠበቁ። የእርስዎ ቨርጂኒያ በ2012 ሕገ መንግሥቷን በሕዝብ ድምፅ አሻሽላለች። ስለዚህ ለግል አልሚ ተብሎ ቤትዎን ልቀቁ ቢባሉ ቶሎ ጠበቃ ያማክሩ።