በርበሪን ከዲኤንኤ ጋር ሲተሳሰር፦ የትስስር ቋሚው ለምን ይዋዥቃል?

ሰላም እህቴ። በርበሪን ክሎራይድን (ከዕፅዋት የሚገኝ አልካሎይድ ነው) በካልፍ ታይመስ ዲኤንኤ (ከጥጃ ታይመስ እጢ የወጣ) ቲትሬት ስታደርጊ፣ ማለትም ዲኤንኤውን በጥቂት በጥቂቱ ስትጨምሪበት፣ አብዞርባንሱ (የሚወስደው ብርሃን መጠን) ይቀንሳል፣ ፒኩም ጥቂት ናኖሜትር ወደ ቀይ ይሸሻል፤ የትስስር ቋሚው (የትስስሩን ጥንካሬ የሚነግርሽ ቁጥር) ግን ከቀጥታ መስመር ግራፍሽ አንዴ 10⁴፣ አንዴ 10⁶ ይወጣል። «ኢንተርካሌሽን ነው ብዬ ልጻፍ ወይ?» ብለሻል። በዚህ ዳታ ብቻ አትጻፊ። የአብዞርባንስ መቀነስ የሚነግርሽ ሞለኪዩሉ ወደ ዲኤንኤው መጠጋቱን ነው፤ በቤዝ ጥንዶች መካከል ለመሰካቱ፣ ማለትም ለኢንተርካሌሽን፣ ማስረጃ አይሆንም። ማይነር ግሩቭ በምንለው ጠባብ ቦይ የሚቀመጡትም፣ በዲኤንኤው ውጫዊ ገጽ ላይ እርስ በርስ የሚደራረቡትም ተመሳሳይ ቅናሽ ሊያሳዩ ይችላሉ።

መጀመሪያ ቁጥሩን እናርጋው። መዋዠቁ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከኮንሰንትሬሽን ነው። የዲኤንኤ ክር ውሃና ጨው ስላለው በሚዛን ልኬት አይታመንም። ክሩን ባፈር ውስጥ በ4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አሳድሪው፤ አልፎ አልፎ በቀስታ አዟዙሪው እንጂ ቮርቴክስ አታድርጊው፣ ይበጣጠሳል። ከዚያ 100 ጊዜ አቅጥነሽ በ260 ናኖሜትር ለኪና ንባቡን ለ6600 (አንድ ሞላር ኑክሊዮታይድ ለሚሰጠው አብዞርባንስ) አካፍዪ። 0.25 ካነበበ 37.9 ማይክሮሞላር ነው፤ በ100 ስታባዢው ስቶክሽ (ያልቀጠነው ዲኤንኤ) 3.79 ሚሊሞላር ይሆናል። ይህ በኑክሊዮታይድ የተቆጠረ ነው። በቤዝ ጥንድ ከቆጠርሽ ማካፈያው 13,200 ስለሚሆን ኮንሰንትሬሽኑ በግማሽ ይቀንሳል፣ የትስስር ቋሚው ደግሞ እጥፍ ይሆናል። ከሌሎች ጽሑፎች ጋር ከማነጻጸርሽ በፊት እነሱ በየትኛው እንደቆጠሩ እዪ፤ ብዙዎቹ በግልጽ አይጽፉትም። የ260 እና የ280 ንባብ ሬሾ ከ1.8 በታች ከሆነ ፕሮቲን አለበት፣ አትጠቀሚበት። ስቶኩን በ4 ዲግሪ አስቀምጠሽ ከአራት ቀን በላይ አታቆዪው።

በርበሪኑም እንዲሁ ነው። ደረቁ ክሎራይድ 371.8 ግራም በሞል ይመዝናል፣ ሁለት የውሃ ሞለኪዩል የያዘው ግን ወደ 408 ይደርሳል፤ በሚዛን ብቻ ከሄድሽ 9 በመቶ ያህል ትስቻለሽ። በ345 ናኖሜትር ለክተሽ ለ22,500 አካፍዪ። 20 ማይክሮሞላር ሲሆን 0.45 አካባቢ ማንበብ አለበት።

ባፈሩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ አድርጊው፤ 5 ሚሊሞላር ትሪስ፣ 50 ሚሊሞላር ሶዲየም ክሎራይድ፣ ፒኤች 7.2 ይበቃል። በርበሪን ፖዘቲቭ ቻርጅ ስላለው ሶዲየሙ ከእሱ ጋር ለፎስፌቱ ይሻማል፤ ጨው ሲጨምር ትስስሩ ይላላል። አንድ ቀን በጨው፣ አንድ ቀን ያለ ጨው የሠራሽ ከሆነ የመዋዠቁ ምክንያት ይኸው ሊሆን ይችላል።

ቲትሬሽኑ ላይ ኪዩቬቱ ውስጥ 2 ሚሊሊትር የ20 ማይክሮሞላር በርበሪን አድርጊ። የምትጨምሪው የዲኤንኤ ስቶክም ያንኑ 20 ማይክሮሞላር በርበሪን ይያዝ፤ አለዚያ ቅናሹ ከትስስር ይምጣ ከመቅጠን መለየት አይቻልም። ስቶኩ 4 ሚሊሞላር ገደማ ከሆነ በየጊዜው 10 ማይክሮሊትር ጨምሪ፣ ኪዩቬቱን ገልብጠሽ አዋህጂ፣ 5 ደቂቃ ጠብቀሽ አንብቢ። ሃያ ጊዜ ስትጨምሪ 360 ማይክሮሞላር ገደማ ትደርሻለሽ። ስፔክትረሞቹ በአንድ ነጥብ ካልተሻገሩ ከአንድ በላይ የትስስር ዓይነት አለ ማለት ነው፣ ወይም ናሙናው ደፍርሷል። በ600 ናኖሜትር ንባቡ ከዜሮ ከፍ ካለ የደፈረሰ ነው፤ ድገሚው።

አሁን ወደ ግራፉ። የተጠቀምሽበት ቀጥታ መስመር ስሎፑን ለኢንተርሴፕት በማካፈል ነው ቋሚውን የሚሰጠው። ቋሚው 10⁵ ቢሆን መስመሩ የዲኤንኤውን አክሲስ የሚቆርጠው በኔጋቲቭ 10 ማይክሮሞላር ላይ ነው። ነጥቦችሽ ግን ከ20 እስከ 360 ተዘርግተዋል፤ ኢንተርሴፕቱ ወደ ዜሮ ተጠግቷል። የንባብ ስህተት በሺህ ቤት ቢሆን እንኳ ኢንተርሴፕቱን ግማሽ ወይም ሩብ ሊያደርገው ይችላል፣ ቋሚውም በዚያው ልክ ይዘላል። በዚያ ላይ ቀመሩ ነፃው ዲኤንኤ ከጠቅላላው ጋር እኩል ነው ብሎ ይነሳል፤ በመጀመሪያዎቹ ነጥቦች ይህ ፈጽሞ አይሠራም። እኔ ቀጥታ መስመሩን ትቼ በ1974 ማክጊና ፎን ሂፕል የተባሉ ተመራማሪዎች ባወጡት የትስስር ሞዴል ኖንሊኒየር ፊት ማድረግን (ዳታውን ከኩርባ ጋር ማስማማትን) እመርጣለሁ።

የአቀማመጡን ጥያቄ በደንብ የሚመልስልሽ ቪስኮሲቲ (የፈሳሹ መወፈር) ነው፣ መሣሪያውም ርካሽ ነው። የሚሰካ ሞለኪዩል ቤዞቹን አራርቆ ዲኤንኤውን ያስረዝመዋል፤ ግሩቭ ውስጥ የሚቀመጠው አያስረዝምም። በሶኒኬተር ያሳጠርሽውን ዲኤንኤ በ25 ዲግሪ የውሃ ባዝ ውስጥ ለኪ፤ ሙቀቱ ከ0.1 ዲግሪ በላይ መለዋወጥ የለበትም። የአንጻራዊ ቪስኮሲቲውን ኩብ ሩት ከታሰረው በርበሪን ሬሾ ጋር ሳዪ፤ ከጨመርሽው ጠቅላላ መጠን ጋር አይደለም። ኢቲዲየም ብሮማይድንና ሆክስት 33258ን በጎን አስኪጂ፤ አንዱ የሚሰካ፣ ሌላው የግሩቭ ነው። የበርበሪን መስመር ከኢቲዲየም ዝቅ፣ ከሆክስት ግን ከፍ ብሎ ከወጣ «ከፊል ኢንተርካሌሽን» ብለሽ ጻፊ።

የኢቲዲየም ማፈናቀል ሙከራን (በርበሪን ኢቲዲየምን ከዲኤንኤው ሲያስለቅቅ ፍሎረሰንሱ መውረዱን የሚለካውን) ብቻውን አትመኚው፤ የግሩቭ ሞለኪዩሎችም ፍሎረሰንሱን ያወርዱታል። ከሠራሽው በ546 ናኖሜትር ኤክሳይት አድርጊ፣ በዚያ በርበሪን ብርሃን አይወስድምና።

ወደ ሌላው የዕፅዋት አልካሎይድ፣ ወደ ሳንጉናሪን ለመሄድ ካሰብሽ ደግሞ ፒኤቹን አስቢበት። ዲኤንኤ ውስጥ የሚሰካው ቻርጅ ያለው ኢሚኒየም መልኩ ነው፤ በአልካላይን ወደ አልካኖላሚን ተቀይሮ መተሳሰሩን ይተዋል። ፒኤች 7.2 ላይ ሁለቱ ስለሚደባለቁ ከ5 እስከ 6 ባለው ሥሪ።

በውይይት ክፍልሽ «ከዲኤንኤ ጋር ስለተሳሰረ የካንሰር መድኃኒት ይሆናል» የሚል ዓረፍተ ነገር እንዳይገባ አደራ። ለምሳሌ የካንሰር መድኃኒቱ ቪንብላስቲን የሚሠራው ቲዩቡሊን የተባለው ፕሮቲን ላይ ነው፤ ካንሰርን የሚዋጋው ካምፕቶቴሲን የሚይዘው ቶፖአይሶመሬዝ 1 የተባለው ኢንዛይም ከዲኤንኤ ጋር የፈጠረውን ኮምፕሌክስ ነው። የሴል ሙከራ ሳይኖርሽ መጻፍ የምትችዪው ስለ ትስስሩ ብቻ ነው።

የ260/280 ሬሾሽን፣ የባፈርሽን የሶዲየም መጠንና የመጀመሪያዎቹን አምስት ነጥቦች እዚሁ ለጥፊልን፤ ከዚያ የኩርባውን ፊት አብረን እናየዋለን።