መልስ፦ የአሜሪካ ኤኤም ጣቢያዎች ሙዚቃ ትተው ወደ ንግግር የዞሩት ለምንድን ነው?

ብዙ ሰው የሚጠቅሰው፣ ጣቢያዎች አከራካሪ ጉዳዮችን ከተለያየ ወገን እንዲያቀርቡ ያስገድድ የነበረውንና በ1987 የተሻረውን የፖለቲካ ሚዛናዊነት ደንብ ነው (ዓመታቱ በፈረንጅ ናቸው)። እሱ የፖለቲካ ወሬውን አጋጋለው እንጂ ሙዚቃውን አላባረረም። ያባረረው ድምፁ የጠራው ሌላው የሬዲዮ ስርጭት ዓይነት፣ ኤፍኤም ነው። በ1961 ኤፍኤም በስቴሪዮ (በግራና በቀኝ በተለያየ ድምፅ) እንዲሰራጭ ተፈቀደ፤ ቀጥሎም ኤፍኤሞች የኤኤም እህቶቻቸውን (የአንድ ባለቤት ጣቢያዎችን) ስርጭት እንዳለ መድገማቸው ሲገደብ፣ ባለቤቶቹ ለኤፍኤሙ የራሱን ፕሮግራም መፍጠር ግድ ሆነባቸው፤ ሙዚቃውም ወደዚያ ሄደ።

የኒውዮርኩን የኤኤም ጣቢያ ደብሊውኤቢሲን እንይ። ከ1960 ጀምሮ በወቅቱ በጣም ተወዳጅ የነበሩ ዘፈኖችን እየደጋገመ ከተማውን ይዞ ነበር። ግን አብዛኛው የኤኤም ሬዲዮ ከ5 ኪሎኸርዝ በላይ ያለውን ቀጭን ድምፅ ስለሚቆርጠው የዘፈኑ ጸናጽል ይደበዝዛል፣ መብረቅ ሲኖር ደግሞ ይንጫጫል። ለሰው ንግግር ያ ይበቃል። ጣቢያው ሜይ 10፣ 1982 ሙዚቃውን ትቶ ወደ ንግግር ዞረ፤ ደንቡ ከመሻሩ 5 ዓመት ቀድሞ ማለት ነው።