መውደቅ የተማርኩት በ34 ዓመቴ ነው

«36 ዓመቴ ነው፣ ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ነው የምውለው። ማርሻል አርት ለአካልም ለአእምሮም ይጠቅማል የሚባለው እውነት ነው ወይስ ወሬ?» ብለህ ለጠየቅከው ወንድሜ፦ እኔ ጁዶ (ተጋጣሚን ይዞ የመጣል የጃፓን ትግል) የጀመርኩት በ34 ዓመቴ ነው፣ አሁን ስምንተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ያየሁትን ልንገርህ።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት ማንንም አልጣልኩም፤ ስወድቅ ነው የከረምኩት። ጁዶ ቤት ገና ስትገባ የሚያስተምሩህ አወዳደቅ ነው። አገጭህን ወደ ደረትህ ታስገባለህ፣ ጀርባህን ታጎብጣለህ፣ ምንጣፉን በክንድህ ጧ ታደርገዋለህ፤ ምቱ አንድ ቦታ ላይ አያርፍም። «ለዚህ ነው እንዴ የከፈልኩት?» እያልኩ አጉረመርም ነበር። በሦስተኛው ዓመት እርጥብ ደረጃ ላይ አዳለጠኝ። ሳላስበው አገጬ ገባ፣ ክንዴ ቀደመ። ልብሴን አራግፌ መንገዴን ቀጠልኩ።

ወገቤና ጭኔ ጠንክሯል፣ ደረጃ ስወጣ አላለከልክም። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል፤ ሁለት ቀን አንድ ሰዓት ተኩል ብትሠራ አለፍከው። ክብደትን በተመለከተ ግን አልዋሽህም፤ ከልምምድ በኋላ የሚመጣው ረሃብ ሌላ ነው፣ እኔ ብዙም አልቀነስኩም።

የአእምሮውን ነገር ያወቅኩት ከሰው ስር ሆኜ ነው። በ20 ኪሎ የሚበልጠኝ ሰው ደረቴ ላይ ተጋደመ። ትንፋሼን ይዤ ተወራጨሁ፤ አሥር ሰከንድ እንኳ አልሞላኝም፣ በእጄ መታ መታ አደረግኩት፣ «ተሸንፌያለሁ፣ ልቀቀኝ» ማለት ነው፣ ለቀቀኝ። አሰልጣኛችን የሚለው አንድ ቃል ብቻ ነበር፦ «ተንፍስ»። ትንፋሽህን ቀስ ብለህ ስታስወጣ የልብ ምትህ ይረጋጋል፤ ሲረጋጋ ደግሞ መውጫ ቀዳዳው ይታይሃል። ወራት ፈጅቶብኛል። ዛሬ ሥራ ቦታ አለቃዬ ሲቆጣ ሳላውቀው ትንፋሼን አረዝማለሁ። ኩራትም ይቀንሳል፤ የ17 ዓመት ልጅ በአንድ ምሽት አምስት ጊዜ ሲያነጥፍህ ምን ትኮራለህ?

«ተደባዳቢ አያደርግም ወይ?» የሚሉ አሉ። እንደ አሰልጣኙ ነው። እ.ኤ.አ. በ1882 ጁዶን የመሠረቱት ጂጎሮ ካኖ ከመርሆዎቻቸው አንዱ ያደረጉት የጋራ ጥቅምን ነበር፤ አብሮህ የሚለማመደው ሰው ዛሬ ከተጎዳ ነገ ከማን ጋር ትሠራለህ? ይህን የሚዘነጋ አሰልጣኝ ግን አለ። መጀመሪያ የሞከርኩት ቤት ጀማሪውን ከነባሩ ጋር ያለ ልክ ያጋጥሙ ነበር፤ ጣቴ ወልቆ ነው የወጣሁት።

ካራቴም ቴኳንዶም ቦክስም ብትመርጥ ጥሩ ነው፤ ጭንቅላት ላይ ሲመታቱ ምን ያህል እንደሚጠነቀቁ ግን ጠይቅ። ጭንቅላት በተደጋጋሚ ሲመታ ይጎዳል እንጂ አይጠነክርም። የልብ ወይም የዲስክ ችግር ካለብህ ቀድመህ ሐኪም አማክር።

ሳትከፍል በፊት አንድ ምሽት ጥግ ይዘህ ተመልከት። ዓይንህን ጎበዞቹ ላይ ሳይሆን የተሸነፈው ላይ አድርግ። መታ መታ ሲያደርግ ወዲያው የማይለቁት ከሆነ ጫማህን አጥልቀህ ውጣ።